ስጦታ ያልነበረው ሚዶ

አሁን ቅርስ የሚመዘገበው በስልክ ነው። ባለሙያዋ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ ታነሣዋለች፣ ስልኩ የሚያወጣላትን ጥያቄ በጣቷ እየነካች ታልፋለች፤ ወዲያው ዕቃው «ተመዝግቧል» ይባላል። ጡረታ ስወጣ ማከማቻውን ያስረከብኋት ወጣት ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ስንፍናም የለባትም። ነገር ግን ርክክቡ በፈጀው ሦስት ሳምንት ውስጥ አንዱንም ዕቃ አንሥታ በእጇ ስትይዝ አላየኋትም። ልገሥጻት አልፈለግሁም። እኔ እያንዳንዱን በእጄ ይዤ መዝግቤያለሁ፤ መያዜ ከምንም አላዳነኝም።

ሥራዬ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ካሉ ገጠሮች የሰው መገልገያ ዕቃ እያሰባሰብሁ መመዝገብና መጠበቅ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በጸጉር ጌጥና በእንጨት ሚዶ ላይ ነው። በመመረቂያ ጽሑፌ በምዕራብ አፍሪካ ወንድ ለሚወዳት ሴት ቀርጾ ስለሚሰጠው ሚዶ፣ በሌላው የአህጉሩ ክፍል ወንዶች ራሳቸው ላይ ሰክተውት ስለሚሄዱት፣ በእኛም ዘንድ ጎፈሬ ስለሚበጠርበት ባለ ረጅም ጥርስና የሴት ሹሩባ ስለሚከፈልበት ባለ ሹል እጀታ ሚዶ በዝርዝር ጽፌያለሁ። የሕፃናትን ቁንጮ፣ የልጃገረዶችን ጋሜና ሳዱላ በሥዕል አስደግፌ አብራርቻለሁ። ፈታኞቼ ስለ እንጨቱ ዓይነት፣ ስለ ቅርጹ አመጣጥ፣ ስለ ንጽጽሩ ዘዴ ጠየቁኝ። አንዲት ሴት ሐዘን ሲደርስባት ሚዶዋ የት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ማንንም አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ የተመደብሁት ቢቸና ነው። ማከማቻ የተባለው ከአንድ አሮጌ ቢሮ በስተጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ የሚነገርለት አልነበረም። መዝጋቢው ጋሼ ምናለ ይባሉ ነበር። ከቅኔ ቤት ወጥተው፣ ብራና ሲጽፉ ቆይተው፣ በኋላ ለመንግሥት ሥራ የተቀጠሩ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን የዲግሪ ወረቀቴን ሳሳያቸው ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠው አዩና፣

«ጽሕፈቱ መልካም ነው» አሉ። «እጅሽን ታጠቢ።»

ጋሼ ምናለ እጃቸውን ሳይታጠቡ ዕቃ አይነኩም፤ ዳስሰው ሳይጨርሱም አይጽፉም። ሚዶ ሲመጣላቸው ዐይናቸውን ይጨፍኑና በአውራ ጣታቸው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። የትኛው ጥርስ በየትኛው በኩል እንደ ተበላ ለይተው ሴትዮዋ ግራኝ ትሁን ቀኝ፣ የራሷን ጸጉር ትሠራ ወይም የሌላ ሰው፣ ይናገሩ ነበር። ሴትዮዋን ራሷን ፈልጌ ስጠይቅ የሚሳሳቱት አልፎ አልፎ ነበር። ቁጥር ሲጽፉ ከዓይን የራቀ ቦታ ይመርጡና ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ይቀባሉ፤ ሲደርቅ በሹል ብዕር ቁጥሩን ያሰፍራሉ፤ በላዩ እንደገና ይቀባሉ። እጃቸው የብራና እጅ ስለ ነበረ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ቁጥር ሳይንቀጠቀጡ ይጽፉ ነበር።

«አንዴ የተጻፈ ቁጥር አይፋቅም» ይሉኝ ነበር። «ዕቃው ቢሰበርም፣ ቢጠፋም፣ ቢሄድም ቁጥሩ የእሱ ነው። ለሌላ አይሰጥም።»

መዝገባቸው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ማን ሠራው፣ ማን ያዘው፣ ከያዘው ሰው እጅ እንዴት ወጣ። ለሦስተኛው ጥያቄ ግማሽ ገጽ ባዶ ይተዉ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም አይበቃቸውም።

እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ አንድ ነገር ተከሰተ። አንድ የበላይ ኃላፊ ለልጃቸው ሠርግ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው የብር የጸጉር ጌጥ ከማከማቻው አስወጡ። ጌጡ አልተመለሰም። በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ መልስ አልመጣም። ደግሜ ጠየቅሁ፤ «ለሥራው ቅልጥፍና» ተብሎ ለስምንት ወር ወደ ደጀን ተላክሁ። እዚያ የተሰጠኝ ሥራ አልነበረም። ከዐባይ በረሃ የሚወጡትን የጭነት መኪኖች በመስኮት እያየሁ ተቀመጥሁ። ወደ ቢቸና ስመለስ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ያለ ደብዳቤ ከዚህ ክፍል ምንም አይወጣም፣ ለማንም፣ ለአንድ ሰዓትም። ሕጉ ትክክል ነበር። ላስቆማቸው ያልቻልሁትን ኃላፊ ለማስቆም ያወጣሁትን ሕግ ከጊዜ በኋላ ማንን ለማስቆም እንደ ተጠቀምሁበት እጽፋለሁ።

ጋሼ ምናለ ጡረታ ሲወጡ መዝገቡ በእጄ ገባ። እነዚያን ግማሽ ገጾች አነበብኋቸው። የባልና ሚስት ጠብ፣ የእናትና የልጅ ክርክር፣ ሴትዮዋ ዕቃውን ስትሰጥ የተናገረችው ቃል ሳይቀር ሰፍሮባቸዋል። ለመደመርም ለማነጻጸርም የማይመች ጽሑፍ ነው ብዬ በአዲስ ቅጽ ተካሁት። በእኔ ቅጽ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ በሦስት ሳጥን ተጠቃለለ፤ በግዢ፣ በስጦታ፣ በውርስ። የወቅቱ ኃላፊያችን «እንዲህ ነው እንጂ! ለሪፖርት የሚመች!» ብለው በስብሰባ አመሰገኑኝ። ቅጹን ይዤ ወደ ጋሼ ምናለ ቤት ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ከሦስቱ አንዱ ካልሆነስ?» አሉ።

«ሌላ መንገድ የለም፣ ጋሼ።»

«ይሁና» አሉና ቅጹን እንደ ነበረ አጥፈው መለሱልኝ።

በወር አንድ ሳምንት ሞጣ እቀመጥ ነበር። እዚያ ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ሰፈር ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሚዶ ቀራጭ ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም በዚህ ሥራ ነው የኖሩት። የፕላስቲክ ሚዶ ገበያውን ከወሰደው ወዲህ የመጥረቢያና የዶማ እጀታ እየጠረቡ ይኖራሉ፤ ሚዶ የሚሠሩት ሰው ሲያዝዛቸው ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ከእሳቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጽፌያለሁ።

ጋሽ ሰይድ ሚዶ የሚሠሩት ከወይራ ልብ ነው። ግንዱን በመጋዝ አይቆርጡም፤ በሽብልቅ ይፈልጡታል። ምክንያቱም መጋዝ የእንጨቱን ጅማት አያይም፤ የሚዶው ጥርስ ደግሞ ከጅማቱ ጋር እኩል ካልወረደ በመጀመሪያው ሹሩባ ይሰበራል። ፍላጩን ጭድ ውስጥ ቀብረው ዓመት ያቆዩታል፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ወይራ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላም ይሰነጠቃል። ጥርሶቹን የሚከፍቱት ከአሮጌ መጋዝ ባወጡት ቀጭን ስለት ነው። ሁልጊዜ ከመካከለኛው ጥርስ ጀምረው ወደ ዳር ይሄዳሉ። በጥርሶቹ መካከል ጠፍር እያስገቡ ወዲያና ወዲህ በመሳብ ያለሰልሱታል፤ ገጹን በደረቅ የዋንዛ ቅጠል ያሹታል። መጨረሻ ላይ ሚዶውን በገዛ ጉንጫቸው ላይ ያስኬዱታል፤ ከቧጨራቸው እንደገና ይጀምራሉ።

«ይሄን ሁሉ ጽፈሽ ስትጨርሺ ሚዶ መሥራት ትችያለሽ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አልችልም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ዶክተር የሚሉሽ?»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ጋሽ ሰይድ። ሁለተኛ ዲግሪ ነው ያለኝ።»

«እሱ ይሻላል። ዶክተር ብትሆኚማ ወይራ ምንድን ነው ብለሽ በጠየቅሽኝ ነበር።»

አባታቸው ከሠሯቸው ሚዶዎች ሁሉ የሚበልጠው፣ ከሞጣ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር፣ እማማ ደብሪቱ በሚባሉ ሴት እጅ እንደሚገኝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሄድሁ። ስደርስ እማማ ደብሪቱ ሐዘን ላይ ነበሩ። የበኩር ልጃቸው በወሊድ ሞታ አርባዋ ገና አልወጣም። ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ጥቁር ለብሰው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ታናሺቱ ልጃቸው ጥሩዬ ቆማ ትላላካለች። ሌላ ሰው ቢሆን አጽናንቶ ይመለስ ነበር። እኔ በእግሬ የመጣሁትን ሁለት ሰዓት አሰብሁ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልሁና፣ ጥቂት ቆይቼ ሚዶውን ለማየት መጥቼ እንደ ነበር ተናገርሁ።

እማማ ደብሪቱ ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሚዶው ባለ ሰባት ጥርስ ነበር። ቅቤ እየጠጣ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ ወደ ጥቁርነት አድልቶ ያበራል። እጀታው ላይ ሦስት ረድፍ ማዕዘን ተቀርጾበታል፤ ረድፎቹ በዓይን ሲታዩ እኩል ይመስላሉ፣ በጣት ሲዳሰሱ ግን ወደ ጫፉ እየጠለቁ ይሄዳሉ። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የሚበልጥ ሚዶ አላየሁም።

«በዚህ ዓመት ሰው ሞቶብሻል?» አሉኝ።

«የለም፣ እማማ።»

«ትወስጂዋለሽ?»

«በደስታ።»

ጥሩዬ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትጠብቂዋለሽ?»

«በሚገባ ይጠበቃል። የሚቀመጠው በቁልፍ ነው።»

«እንግዲያ በእጅሽ ነው» ብለው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልሁ። ከዚያ ቅጹን አወጣሁ፤ «በስጦታ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኋቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ሚዶውን እንደ ሰጡኝ የሚገልጽ ነው።»

«እሱማ ሰጥቼሻለሁ» አሉ።

ቢቸና እንደ ተመለስሁ እጄን ታጥቤ ቁጥሩን ጻፍሁበት። ጽሕፈቴ ከጋሼ ምናለ ጽሕፈት አይተናነስም ነበር።

ያደረግሁትን ነገር ያወቅሁት ከሦስት ወር በኋላ፣ ከጋሽ ሰይድ አፍ ነው። የመጥረቢያ እጀታ እየጠረቡ ነበር።

«የደብሪቱን ሚዶ የያዝሽላት አንቺ ነሽ አሉ» አሉኝ። «ደግ አደረግሽ።»

«ማከማቻ ገብቷል። ቁጥር ተሰጥቶታል።»

እጃቸው ቆመ። «ምን የሚሉት ቁጥር?»

አስረዳኋቸው። ሲሰሙ ቆዩና መጥረቢያውን አስቀመጡ። በእነ እማማ ደብሪቱ መንደር ሴት ለሐዘን ስትላጭ ሚዶዋ ከቤት መውጣት አለበት አሉኝ። ዘመድ አይዘውም፤ ዘመድ ራሱ ሐዘንተኛ ነው። የሚይዘው በዚያ ዓመት ሞት ያልደረሰባት፣ ከሥጋ ዘመድ ውጭ የሆነች ሴት ናት። ተጠይቃ፣ እሺ ብላ፣ በሁለት እጇ ትቀበላለች። የሙት ዓመቱ ተዝካር በሚወጣበት ቀን ያችው ሴት ሚዶውን ይዛ ትመጣለች፤ ያቆጠቆጠውን ጸጉር በገዛ እጇ ታበጥራለች፤ ያን ጊዜ ሐዘኑ ወረደ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ሐዘንተኛዋ ሠርግ ቤት አትገባም፣ ራሷን ቅቤ አትቀባም፣ የሌላ ሴት ጸጉር በእጇ አትነካም።

«ሚዶውን የያዘችው ካልመጣችስ?» አልሁ።

«ጸጉሯ ባደገ ቁጥር ትላጫለች።»

«ሌላ ሚዶ ቢሠራላቸውስ? እርስዎ ይሥሩት።»

«ሚዶማ ሞልቷል። የሚፈለገው የወሰደችው እጅ ነው እንጂ ሚዶ መች ሆነ?»

«ጋሽ ሰይድ፣ ሦስት ዓመት እየተመላለስሁ ጠይቄዎታለሁ። ይህን እንዴት አልነገሩኝም?»

«ስለ እንጨቱ ጠየቅሽኝ» አሉ፤ «ነገርሁሽ።»

ተዝካሩ አንድ ወር ሲቀረው እማማ ደብሪቱ ከጥሩዬ ጋር ቢቸና ድረስ መጡ። መጀመሪያ ሞጣ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የመጡት፤ መንገዱ ስላናወጣቸው ቢሮዬ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ሻሻቸው ሲንሸራተት ጸጉራቸው የጣት ርዝመት ያህል ነጭ ሆኖ መውጣቱን አየሁ።

«ልጄ፣ ልጠራሽ መጣሁ» አሉ። «ጌሾው ተወቅጧል፣ ካህናቱም ተነግሯቸዋል። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ከተዝካሩ ቀጥሎ ደግሞ የዚች ሠርግ አለ። ራሷን እኔ ነኝ የምሠራት፤ የሟቿንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሚዶው የመንግሥት ንብረት መሆኑን፣ ማውጣት የሚቻለው የበላይ መሥሪያ ቤት ሲፈቅድ ብቻ መሆኑን በተቻለኝ መጠን በቀላል ቋንቋ ገለጽሁላቸው።

«የመንግሥት?» አለች ጥሩዬ። «መንግሥት ደግሞ መቼ ተላጭቶ ያውቃል?»

«ዝም በይ፣ አንቺ!» አሉ እናቷ። ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ላስቸግርሽ አይደለም። ለአንድ ቀን ነው። ነይና አበጥሪኝ፤ ከዚያ መልሰሽ ውሰጂው። ከፈለግሽ ለዘላለም ይኑርሽ። እኔ ከዚህ በኋላ ሚዶ ምን ያደርግልኛል?»

የማከማቻው ቁልፍ በኪሴ ነበር። ከወንበሬ እስከ መደርደሪያው ያለው ርቀት ከሃያ እርምጃ አይበልጥም። «ለአንድ ቀን» የሚለውን ቃል ስሰማ ግን በፊቴ የታዩኝ ያን የብር ጌጥ የወሰዱት ኃላፊ እንጂ ተላጭተው የቆሙት ሴት አልነበሩም። ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኋቸው። አንድ ወር በቂ ጊዜ ነው አልኋቸው።

«መች ልትመጪ ነው ታዲያ?» አለች ጥሩዬ።

«እንደ ተፈቀደልኝ።»

«ማን ነው የሚፈቅድልሽ? ቃል የሰጠሽውስ አንቺ አይደለሽም?»

እማማ ደብሪቱ እጄን ይዘው ሳሙኝና ወጡ። ያመኑኝ ይመስለኛል።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ምናለን ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ሙሉውን ታሪክ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሰሙት።

«ከነቁጥሩ ይዘሽው ሂጂ» አሉ። «ቁጥሩ አይፋቅም አልሁሽ እንጂ ዕቃው አይሄድም አላልሁሽም። እንዴት እንደ ወጣ ግማሽ ገጹ ላይ ጻፊው።»

«ግማሽ ገጽ የለም፣ ጋሼ። አወጣሁት።»

«ኅዳግ የለውም?»

«ያለ ደብዳቤ እንዴት አድርጌ?»

ወደ እኔ ዞሩ። «ደብዳቤ ጻፊ አልሁሽ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

እኔ ደብዳቤውን ጻፍሁ። ኃላፊያችን «ለአንዲት አሮጊት ጸጉር ብለን ኦዲት ይጠይቀን?» ብለው ሳቁ፤ ፈርመው ግን ላኩት። ከበላይ የመጣው መልስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ያዝዛል። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዱ ተዛወረ፣ አንዷ ወለደች፣ ሰብሳቢው ሥልጠና ሄዱ። የተዝካሩ ቀን የሩብ ዓመት ሪፖርት የማስረክብበት ቀን ነበር፤ በሰዓቱ አስረከብሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ደብሪቱ እንግዶቹ እንደ ተበተኑ ያቆጠቆጠውን ጸጉራቸውን ተላጩ። የጥሩዬ ሠርግ ዕለት ጸጉሯን የሠሯት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። እናቷ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዘፈኑን አዳመጡ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቀናቱን ሳያዛንፉ ነገሩኝ።

በተከታዩ ዓመት ሚዶው ባሕር ዳር በተዘጋጀ ዐውደ ርዕይ ላይ በመስታወት ውስጥ ቀረበ። መግለጫውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ «የሴት ሚዶ። ወይራ። ሞጣ አካባቢ። በስጦታ የተገኘ።» ስለ ረድፎቹ ጥልቀት ሃያ ደቂቃ ንግግር አደረግሁ፤ ተጨበጨበልኝ። በዚያ ንግግር ምክንያት የደረጃ ዕድገት አገኘሁ።

አንባቢ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ይገባል። ከተዝካሩ በኋላስ ለምን አልሄድሽም? ጋሽ ሰይድ ይህንንም ነግረውኛል፤ ቀኑ ቢያልፍም የወሰደችው ሴት በመጣች ቀን ሐዘኑ ይወርዳል። ስለዚህ ለስድስት ዓመት በማናቸውም ቀን መሄድ እችል ነበር። በየወሩ ሞጣ እመላለስ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ኮሚቴውን እጠብቃለሁ እል ነበር። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ኮሚቴ እንደሌለ አውቄያለሁ። የጠበቅሁት ሌላ ነገር ነው፤ ስሄድ ፊታቸውን የማላይበትን ቀን። ያም ቀን መጣ።

«ደብሪቱ አረፈች» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «ተላጭታ ነው የተቀበረችው።»

ኮሚቴው ስላለመሰብሰቡ ልናገር ጀመርሁ። እሳቸው ጠፍሩን በሚዶ ጥርስ መካከል አስገብተው ወዲያና ወዲህ መሳባቸውን ቀጠሉ። ተናግሬ እስክጨርስ አላቆሙም፤ ከጨረስሁም በኋላ አላቆሙም። እኔ እቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ግን የመሣሪያ ሳጥናቸውን አስቀምጠውበት ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አላነሡትም።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ ለዚያ ሚዶ የሠራሁትን ማሸጊያ ከፈትሁ። በመመሪያው መሠረት ቅቤም ዘይትም አልነካውም ነበር። ላዩ አመድ መስሏል፤ ከሰባቱ ጥርሶች ሁለቱ ከሥራቸው ተሰንጥቀዋል። በአንድ የገበያ ቀን በቦርሳዬ ከትቼው፣ ያለ ደብዳቤ፣ ሞጣ ሄድሁ።

ጥሩዬ ገበያው ዳር ቅቤ ትሸጣለች። አሁን የልጆች እናት ናት፤ ፊቷ የእናቷን ፊት ሆኗል። ስታየኝ አወቀችኝ። ጨርቁን ፈታሁና ሚዶውን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ቅቤ በነካ ጣቷ ወደ ተሰነጠቀው ጥርስ ጠጋ አለችና ሳትነካው እጇን መለሰች።

«ደረቀ» አለች።

«አዎን።»

«እናቴ ውሻ በጮኸ ቁጥር ‹የቅርሷ ሴትዮ ናት፣ ውጪና እያት› ትለኝ ነበር። እኔም እወጣ ነበር። ባለቤቴ እንኳ ‹ምነው እናትሽ አበደች እንዴ?› ይለኝ ነበር። አላበደችም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ስትላጭ ምላጩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ‹ዛሬስ ተዪው እማ፣ ማን ያይሻል› ስላት፣ ‹ቃል የሰጠችው የተማረች ናት፣ አትቀርም› ትለኝ ነበር።»

«ተቀበይኝ» አልኋት።

«እኔ መች ሰጠሁሽ?»

«ለማን ልስጠው ታዲያ?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ።»

አንዲት ሴት መጥታ ከቅቤው ጎን አጎነበሰች። «ለጋ ነው?»

«የትናንት ነው፣ እታለም። ቅመሽው» አለች ጥሩዬ፤ ቅጠሉን ገለጠችላት። ሴትዮዋ ቀመሰች። ስለ ሽታው ተነጋገሩ፤ ስለ ላሟ ተነጋገሩ፤ ሳቁ። ቀና ብላ አላየችኝም። እጄ እስኪዝል ድረስ ዘርግቼ ቆምሁ። ከዚያ ጨርቁን መልሼ ጠቀለልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሚዶውን ወደ ማሸጊያው መለስሁት። ማከማቻው ቆልፌ እንደ ተውሁት ነበር። ሚዶው ከቦታው እንዳልነበረ ያወቀ ሰው አልነበረም።